የሸክላ ሠሪዎች መጠሪያ፦ ከሌሎች የተሰጠና በራስ የተመረጠ

ሐኪም፣ ነጋዴ ወይም ሾፌር የሚል መጠሪያ ሲነገር ሰሚው በቅድሚያ የሚረዳው የሰውየውን ሥራ ነው። በእጅ የሚሠራ ሸክላን በተመለከተ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም፤ ለዚህ ሙያ በልዩ ልዩ አገርና ዘመን የወጡት ስሞች ሥራውን ከመግለጽ አልፈው የሠሪውን ዘር፣ መሬት የማግኘት መብቱን፣ ሊያገባ የሚችለውን ወገንና በማኅበረሰቡ ውስጥ ያለውን ቦታ ጭምር ሲወስኑ ኖረዋል። ስለዚህም ሸክላ የሚሠሩ ሰዎች ራሳቸውን ምን ብለው ይጠራሉ የሚለው ጥያቄ ከቃላት ምርጫ ይልቅ የክብርና የኑሮ ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። ጥያቄውን በሚገባ ለመመርመር ሦስት ዓይነት ስሞችን ለይቶ ማየት ይጠቅማል፤ እነርሱም ሠሪውን ከአንድ ወገን ጋር የሚያስተሳስረው የዘር ስም፣ ሥራውን የሚገልጸው የሙያ ስም እና በዕቃው ላይ ሊጻፍ የሚችለው የግል ስም ናቸው።

ሥራውና ሠሪዋ

በኢትዮጵያ ሸክላ መሥራት በአብዛኛው የሴቶች ሙያ ነው። ሠሪዋ ከታወቀ ስፍራ ተቆፍሮ የመጣውን አፈር ካደረቀችና ከወቀጠች በኋላ ነፍታ በውሃ ታቦካዋለች፤ ጭቃው ሲደርቅም ሆነ እሳት ሲነካው እንዳይሰነጠቅ አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል፣ ማለትም የአሮጌ ሸክላ ስባሪ፣ ትቀላቅልበታለች። የሸክላ ማሽከርከሪያ ስለማትጠቀም ጭቃውን በሰፊ ገል ላይ አስቀምጣ፣ አንድም ዕቃውን በእጇ እያዞረች አለዚያም ራሷ በዙሪያው እየዞረች ግድግዳውን ወደ ላይ ትስበዋለች፤ ከዚያም በቅል ስባሪ ትፍቀዋለች፣ በእርጥብ ቆዳ ታለሰልሰዋለች፣ ጠፈፍ ሲልም በለስላሳ ጠጠር ትወለውለዋለች። ዕቃው ለቀናት በጥላ ሥር ከደረቀ በኋላ በእንጨት፣ በሣርና በኩበት ተሸፍኖ በሜዳ ላይ ይተኮሳል፤ በዚህ ጊዜ ኃይለኛ ነፋስ ቢነሣ ወይም በሚገባ ያልደረቀ ዕቃ ቢገባበት የብዙ ቀን ድካም በአንድ ጊዜ ገል ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ከዚህ ሥራ የሚወጡት እንስራ፣ ጋን፣ ማሰሮ፣ ጀበና፣ ድስትና ምጣድ ናቸው። አንዳንዶቹን ብረትና ፕላስቲክ ቢተካቸውም፣ ጀበና እና የሸክላ ምጣድ ግን እስካሁን በከተማም በገጠርም ከቤት አልወጡም፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ እንኳ ብዙውን ጊዜ እንጀራው የሚጋገርበት ፊቱ ሸክላ ነው። አዲሱን ምጣድ በጎመንዘር አሟሽቶ ለእንጀራ ማድረስ የቤት እመቤቷ ሙያ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ያለው ድካም ሁሉ የሸክላ ሠሪዋ ነው። ይህን ያህል ከዕለት ኑሮ ጋር የተቆራኘ ዕቃ የሚሠሩት ሰዎች በብዙ የአገሪቱ አካባቢዎች ከገዢዎቻቸው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ ተደርገው መኖራቸው የስሙን ጉዳይ አሳሳቢ ያደርገዋል፤ በሸክላቸው የተሠራው ወጥ ይበላል፣ እነርሱ ግን አብረው አይበሉም ነበር።

ከውጭ የተለጠፉ ስሞች

በአማርኛ «ሸክላ ሠሪ» የሚለው መጠሪያ በራሱ ስድብ የለበትም፤ ከሥራው ስም የተገኘና ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ በሰሜኑና በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል ለእጅ ሥራ ሰዎች ይሰጡ የነበሩት ሌሎች ስሞች እንዲህ ንጹሕ አልነበሩም። «ጠይብ» የሚለው ቃል ጥበበኛ ማለት ከሆነው «ጠቢብ» ጋር ዝምድና እያለው በልማድ መናቂያ ሆኖ፣ በመጀመሪያ ለብረት ቀጥቃጩ ቀጥሎም ለቤተሰቡና ሸክላ ለምትሠራው ሚስቱ ጭምር ይነገር ነበር። ከዚህ የከፋው «ቡዳ» የሚለው ነው፤ ይህ ስም የእጅ ባለሙያው በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሌሊት ወደ ጅብነት ይለወጣል ከሚል እምነት ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ በአንድ መንደር ሕፃን ቢታመም ወይም ላም ብትነጥፍ ጥርጣሬው በቅድሚያ የሚያርፈው በእነዚህ ቤተሰቦች ላይ ነበር።

በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ደግሞ ሙያውና ዘሩ በአንድ ስም ታስረው ይገኛሉ። በጋሞ ገበሬው ማኅበረሰብ «ማላ» ሲባል ሸክላ ሠሪዎቹ «ማና» ይባላሉ፤ በዳውሮም ሸክላ ሠሪዎች ማና በሚለው ስም ይታወቃሉ። በወላይታ ስማቸው «ጪናሻ»፣ በሲዳማ «ሀዲቾ» ሲሆን፣ በከምባታና በሐዲያ አካባቢ ሸክላ ሠሪዎች «ፉጋ» ተብለው ሲጠሩ ኖረዋል፤ ይህ የመጨረሻው ዛሬ በግልጽ እንደ ስድብ የሚቆጠር በመሆኑ በጨዋ ንግግር አይነሣም። የእነዚህ ስሞች ዋና ጠባይ ከሥራው ጋር የማይጀምሩና ከሥራው ጋር የማያበቁ መሆናቸው ነው። ከማና ቤተሰብ የተወለደች ሴት በሕይወቷ አንድ ጀበና ባትሠራ እንኳ ስሙ አይለቃትም፤ ከገበሬ ወገን የሆነች ሴት ደግሞ ሸክላ መሥራት ብትፈልግ ልማዱ አይፈቅድላትም ነበር። የጋብቻው ክልል፣ የመቃብሩ ስፍራና የመሬት ባለቤትነት ሁሉ ከዚህ ጋር ተያይዘው ስለቆዩ፣ የኅብረተሰብ ጥናት ባለሙያዎች ሥርዓቱን በዘር ከሚወረስ የመደብ ክፍፍል ይመድቡታል።

ክፍፍሉ በባሕርይ ወይም በጥንተ ዘር ልዩነት የመጣ ነው የሚለው አስተሳሰብ ግን ማስረጃ አይደግፈውም። እ.ኤ.አ. በ2015 በደቡብ ኢትዮጵያ በአሪ ብሔረሰብ ላይ የታተመ የዘረ መል ጥናት ቀጥቃጮቹና ገበሬዎቹ ከአንድ ሕዝብ የወጡ መሆናቸውን፣ በመካከላቸው የሚታየውም ልዩነት በአብዛኛው ቀጥቃጮቹ ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ ተገልለው ከመኖራቸው የመነጨ መሆኑን አመልክቷል። ጥናቱ በቀጥቃጮች ላይ ያተኮረ ቢሆንም ለሸክላ ሠሪዎችም ጉዳይ ትምህርት ይሰጣል፤ መገለሉ የልዩነት ውጤት ሳይሆን ልዩነቱ የመገለል ውጤት ሊሆን እንደሚችል ያሳያልና።

የተመረጠ ስም፦ ቤተ እስራኤል እና ቤተ አብርሃም

የተለጠፈ ስምን በራስ ምርጫ የመተካት ነገር ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው በጎንደርና በአካባቢው በኖሩት ቤተ እስራኤል ታሪክ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው፣ በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በነገሠው በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ክርስትናን ያልተቀበሉት ከርስታቸው ተነቅለዋል፤ ርስት የሌለው ሰው ደግሞ የሚተዳደረው በእጁ ሥራ ስለሆነ፣ በጊዜ ሂደት ወንዶቹ በቀጥቃጭነትና በሽመና፣ ሴቶቹ በሸክላ ሥራ የሚታወቁ ሆኑ። ጎረቤቶቻቸው «ፈላሻ» ብለው ሲጠሯቸው እነርሱ ራሳቸውን የሚጠሩት «ቤተ እስራኤል» ብለው ነው። የመጀመሪያው ስም መሬት አልባነትንና መጤነትን ሲያመለክት፣ ሁለተኛው ከአንድ ታሪክና ከአንድ ሃይማኖት መወለድን ያመለክታል፤ ከሁለቱ አንዱም ስለ ሸክላ የሚናገረው ነገር የለም። ማኅበረሰቡ ለራሱ የመረጠው ስም ከሙያው ጋር አለመያያዙ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ሸክላ መተዳደሪያቸው እንጂ ማንነታቸው እንዳልሆነ የሚያስታውቅ ምርጫ ነው።

ከጎንደር ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ዳር የምትገኘው ወለቃ የዚህን ታሪክ ሌላ ገጽ ታሳያለች። በ20ኛው መቶ ዘመን የወለቃ ሴቶች ከማሰሮና ከጀበና በተጨማሪ ለጎብኚዎች የሚሸጡ ትንንሽ የሰውና የእንስሳት ቅርጾችን፣ በተለይም የአንበሳ ምስሎችን፣ መሥራት ጀመሩ። በ1977 ዓ.ም. በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ እና በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ ሰዎችን በሁለት ቀን ውስጥ ባጓጓዘው የሰሎሞን ዘመቻ ማኅበረሰቡ በአብዛኛው ወደ እስራኤል ቢሄድም፣ የምስሎቹ ሥራ በቀሩት ክርስቲያን ጎረቤቶች እጅ ቀጠለ፤ ባለቤቶቹ የሚጠሉት «ፈላሻ» የሚለው ስምም ገዢ ስለሚስብ በመንደሯ የመንገድ ምልክት ላይ ቆየ። በእስራኤል የሰፈሩት ደግሞ «ፈላሻ» የሚለውን ትተው «ቤተ እስራኤል» ወይም «የኢትዮጵያ አይሁድ» መባልን መረጡ። ስሙ የሚጠሩበትን ሰዎች ትቶ ለዕቃው የንግድ ምልክት መሆኑ፣ መጠሪያ ከተጠሪው ፈቃድ ውጭ ምን ያህል ሊጓዝ እንደሚችል ያሳያል።

በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ክፍል በቀጨኔ የሚኖሩት የእጅ ባለሙያዎችም ተመሳሳይ መንገድ ተከትለዋል። ከሰሜን ሸዋ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች የሆኑት የቀጨኔ ሰዎች፣ ወንዶቹ በሽመናና በብረት ሥራ ሴቶቹ በሸክላ ሲታወቁ፣ ከመካከላቸው ራሳቸውን «ቤተ አብርሃም» ብለው የሚጠሩ አሉ። በከተማይቱ የቡና ማፍያ ጀበናና የዕጣን ማጨሻ ገዝቶ የማያውቅ ሰው ጥቂት ሲሆን፣ ዕቃው ከቀጨኔ እንደሚመጣ የሚያውቀው ግን ብዙ አይደለም።

አዋጅና መጠሪያ

የእጅ ባለሙያን መሳደብ በመንግሥት ደረጃ የተወገዘው ቀደም ብሎ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ በእጃቸው ሠርተው የሚያድሩ ሰዎች ቀጥቃጩ ጠይብ፣ ጸሐፊው ጠንቋይ እየተባሉ መሰደባቸውን ነቅፈው፣ ስድቡ ሰውን ከሙያው እንደሚያርቅና አገርን ያለ ጥበብ እንደሚያስቀር አስታወቁ። ይህ አዋጅ ስሞቹን በግልጽ አንሥቶ መከልከሉ የዘመኑ ሰው ችግር የት እንዳለ ቢያሳይም፣ ስድቡ የቆመበትን መሠረት፣ ማለትም የመሬት እጦትንና የጋብቻ መገለልን፣ አልነካም ነበር። መሠረቱን በከፊል የነካው በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው፤ መሬት ራሱ ለሚያርስ ሁሉ እንዲሰጥ በመደንገጉ፣ በደቡቡ ክፍል ትውልድን ተሻግረው መሬት አልባ የነበሩ የሸክላ ሠሪ ቤተሰቦች ቢያንስ በሕግ ፊት ገበሬ የመሆን ዕድል አገኙ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 25 ማንኛውም ሰው በዘር፣ በማኅበራዊ አመጣጡም ሆነ በሌላ አቋም ልዩነት ሳይደረግበት በሕግ ፊት እኩል መሆኑን ደንግጓል። ሕጉ መሬትንና መብትን ሊሰጥ ችሏል፤ ልማድ የሚጠራበትን ስም ግን በአንድ ቀን ሊለውጥ አልቻለም።

በሌላው ዓለም የተመረጡ ስሞች

የሸክላ ሠሪ ስም ጉዳይ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በደቡብ ካሮላይና ግዛት፣ በኤጅፊልድ አካባቢ፣ በባርነት ይኖር የነበረ ዴቭ የተባለ ሸክላ ሠሪ እ.ኤ.አ. ከ1834 ጀምሮ በትልልቅ ማሰሮዎቹ ላይ ቀኑን፣ አንዳንድ ጊዜም ሁለት ስንኝ ግጥም፣ ከጊዜ በኋላም ስሙን ይጽፍ ነበር። በዚያው ዓመት በግዛቲቱ ባሪያዎችን ማንበብና መጻፍ ማስተማርን የሚከለክል ሕግ ስለወጣ፣ በእርጥብ ጭቃ ላይ ስምን መቅረጽ ከፊርማነት አልፎ ድፍረት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1859 ከሠራቸው ጋኖች መካከል ወደ 150 ሊትር የሚይዙ ይገኙበታል። ከባርነት ነጻ ከወጣ በኋላ ዴቪድ ድሬክ በሚል ሙሉ ስም ተመዘገበ፤ ዛሬ ሥራዎቹ በታላላቅ የአሜሪካ ሙዚየሞች የሚታዩትም በዚህ ስም ነው።

በጃፓን የተነሣው ክርክር ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አጋማሽ ያናጊ ሶኤትሱ የተባለው አሳቢ ከሸክላ ሠሪዎቹ ከሐማዳ ሾጂና ከካዋይ ካንጂሮ ጋር ሆኖ «ሚንጌ» የሚል አዲስ ስም አወጣ፤ ትርጉሙ የተራው ሕዝብ እደ ጥበብ ማለት ሲሆን፣ እውነተኛ ውበት የሚገኘው ስሙ የማይታወቅ ሠሪ ለዕለት አገልግሎት በሚሠራው ዕቃ ውስጥ ነው የሚል እምነት ነበረው። በጃፓንኛ የሸክላ ሠራተኛን የሚያመለክተው «ቶኮ» እና የሸክላ ከያኒን የሚያመለክተው «ቶጌካ» ሁለት የተለያዩ መጠሪያዎች ናቸው፤ የሚንጌ ሰዎች ልባቸው ያዘነበለው ወደ ፊተኛው ነበር። ሐማዳ በማሺኮ ከተማ በሠራቸው ዕቃዎች ላይ ስሙን አይፈርምም ነበር፤ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1955 «ሕያው ብሔራዊ ቅርስ» የሚለውን ማዕርግ ሲሰጠው ተቀብሏል፣ ካዋይ ግን ይህንኑ ማዕርግ አልቀበልም ብሏል። ሐማዳ እ.ኤ.አ. በ1920 አብሮት ወደ እንግሊዝ ሄዶ በሴንት አይቭስ ከተማ የሸክላ ሥራ ቤት ያቋቋመው በርናርድ ሊችም፣ የሥዕል ትምህርት የተማረ ሰው ሆኖ ሳለ ራሱን ይጠራ የነበረው ሸክላ ሠሪ ብሎ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1940 ያሳተመው ዝነኛ መጽሐፉም በርእሱ የሸክላ ሠሪ መጽሐፍ ነው የሚለው። እዚህ ላይ መታየት ያለበት ልዩነት አለ፤ ሐማዳም ሆነ ሊች የተራ ሠሪን ስም የመረጡት የተማሩና የታወቁ ሰዎች ሆነው ነው። ስምን ያለመፈረም መብት ትርጉም የሚኖረው መፈረም ለሚችል ሰው ነው።

ከአፍሪካ ከዚህ ጋር የሚነጻጸረው የናይጄሪያዋ ላዲ ኳሊ ታሪክ ነው። በሴቶች ልማድ እንስራና ማሰሮ በእጅ እየሠራች ያደገችው ይህች የግዋሪ ሴት፣ እ.ኤ.አ. በ1954 እንግሊዛዊው ማይክል ካርዲው ባቋቋመው የአቡጃ የሸክላ ማሠልጠኛ የመጀመሪያዋ ሴት ሆና ገባች። የእናቶቿን የአሠራር ዘዴ ሳትለቅ ዕቃዎቿን በሚያብረቀርቅ ልባስና በከፍተኛ ሙቀት በሚተኩስ ምድጃ ሠራች፤ እ.ኤ.አ. በ1977 አሕመዱ ቤሎ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣት፣ ምስሏም በሥራ ላይ እንዳለች በናይጄሪያ 20 ናይራ ገንዘብ ላይ ታትሟል። ላዲ ኳሊ ይህን ክብር ያገኘችው የሙያዋን ስም ለውጣ አይደለም፤ ሸክላ ሠሪ እንደሆነች በግል ስሟ በመታወቋ ነው።

በአሜሪካ በሳን ኢልዴፎንሶ መንደር የነበረችው ማሪያ ማርቲኔዝ ጉዳዩ ሌላ ፈርጅ እንዳለው ታሳያለች። ጥቁር በጥቁር ያጌጡ ሸክላዎቿ ገዢ ሲያገኙ በፊርማ እንድትሸጥ ተጠየቀች፤ ፈረመችም። ነገር ግን አንድ ሰው ከሌላው በልጦ መታየቱ በማይወደድበት ማኅበረሰብ ስለኖረች፣ ጎረቤቶቿ ዕቃቸው በተሻለ ዋጋ እንዲሸጥላቸው ሲጠይቋት በእነርሱ ሥራ ላይም ትፈርም ነበር። ለገዢው ፊርማ የአንድ ሰው እጅ ምስክር ሲሆን፣ ለእርሷ ከመንደሯ ጋር የምትካፈለው ሀብት ነበር።

የዛሬው የአማርኛ ምርጫ

በኢትዮጵያ ዛሬ ሸክላ የሚሠሩ ሰዎች ከፊታቸው የተለያዩ መጠሪያዎች አሉ። በጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ሥር የተደራጁት በመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች ቋንቋ «የእደ ጥበብ ባለሙያ» ይባላሉ፤ ይህ መጠሪያ ከስድብ የጸዳ ነው፣ ሆኖም ሸማኔውን፣ ወርቅ ሠሪውንና ቅርጫት ሰፊዋን ሁሉ አንድ ላይ ስለሚያቅፍ ሸክላን ለይቶ አያሳውቅም። «ባለሙያ» የሚለው ብቻውን ሲነገር ደግሞ፣ በተለይ ለሴት ሲሆን፣ ሰሚው የሚያስበው ወጥ የምታሳምር የቤት እመቤትን ነው። በከተማ ትምህርት ቤት ገብተው የተማሩ ወጣቶች «ሴራሚክ» ከሚለው የውጭ ቃል መጠሪያ ለማበጀት ይሞክራሉ፤ ችግሩ በአማርኛ ሴራሚክ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ ወለል ንጣፍና ወደ መታጠቢያ ቤት ዕቃ መሆኑ ነው። «አርቲስት» የሚለውም በአገሪቱ የዘወትር አነጋገር በአብዛኛው ለዘፋኝና ለተዋናይ ተይዟል።

እነዚህ አዳዲስ መጠሪያዎች የራሳቸው ጥቅም ቢኖራቸውም አንድ የጋራ ድክመት አላቸው፤ ይኸውም አሮጌው ስም እንደሚያሳፍር በዘዴ መቀበላቸው ነው። በጋለሪ ሥራውን የሚያሳየው ወጣት «ሴራሚስት» ተብሎ፣ በገበያ ጀበና ዘርግታ የተቀመጠችው እናት ግን «ሸክላ ሠሪ» ተብላ ከቀረች፣ ንቀቱ አልጠፋም፤ ከአንዱ ትከሻ ወርዶ በሌላዋ ላይ ተደረበ እንጂ። ሊችና ሐማዳ ተራውን የሙያ ስም በኩራት ሊይዙት የቻሉት፣ ላዲ ኳሊም በዚያው ስም የተከበረችው፣ ነውሩ በስሙ ውስጥ ስላልነበረ ነው። በአማርኛም እንዲሁ «ሸክላ ሠሪ» ትክክለኛ፣ ግልጽና ማንንም የማይሰድብ መጠሪያ ነው፤ የጎደለው ከእርሱ አጠገብ መቆም ያለበት የሠሪዋ የግል ስም ነው። በዘር ስም መጠራት የሚቀረው ሰውየው በራሱ ስም መታወቅ ሲጀምር ነው።

ይህ ከሸክላ ሠሪዎቹ ብቻ የሚጠበቅ አይደለም። በሙዚየም መስታወት ውስጥ ከተቀመጠው እንስራ ሥር የብሔረሰቡና የአካባቢው ስም ሲጻፍ ሠሪዋ ከታወቀች ስሟ አብሮ ሊጻፍ ይገባል፤ የስጦታ ዕቃ መደብሮችም በሸጡት ጀበና ላይ የመደብሩን ስም ብቻ ሳይሆን የሠራችውን ሴት ስም ቢለጥፉ የሚያወጡት ተጨማሪ ወጪ የለም። አንባቢም በሚቀጥለው ጊዜ ከገበያ ምጣድ ወይም ጀበና ሲገዛ ዋጋውን ከመከራከሩ በፊት የሠሪዋን ስም ቢጠይቅና ራሷን ምን ተብላ መጠራት እንደምትወድ ቢሰማ፣ ለዘመናት ሌሎች ሲመርጡላት የኖረችውን ነገር ራሷ እንድትመርጥ ዕድል ይሰጣታል።